ለሁለቱም አንድ ጥያቄ

ጡረታ የወጣ የድምፅ ሠራተኛ ቤቱ ተቀምጦ ምን ይሠራል ብትሉኝ፣ ሰው ይሰማል ነው መልሴ። ልጆቼ ቴሌቪዥን ከፍተው የጠያቂውን ክራቫትና የተጠያቂውን ወንበር ሲያዩ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የጠያቂውን ትንፋሽ እሰማለሁ። እኛ አገር የሚነገረን ነገር ሲጥመን አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «እ» የምንላት ነገር አለች። ማንም ልብ አይላትም፤ ማይክራፎን ግን ልብ ይላታል። አንዱ እንግዳ ሲናገር ጠያቂው ደጋግሞ እየሳበ፣ ሌላው ሲናገር ጸጥ ካለ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ይህን ስነግራቸው ልጆቼ ይስቁብኛል። ሰሞኑን ታላቁ ልጄ «በእናንተ ጊዜ ጋዜጠኛ አያዳላም ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አጭር መልስ አጣሁለትና ረጅሙን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

የተወለድኩት ቡራዩ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚያ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ እናቴ የአካባቢው ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ በአማርኛ ይቆጡናል፣ በኦሮምኛ ያባብሉናል። በኋላ እንጀራዬ የሆነው ይኸው ሁለት ምላስ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ በቴፕ ተሸካሚነት ገብቼ ገመድ መጠቅለል፣ ባትሪ መሙላት፣ የተበጠሰ ቴፕ መቀጠል ተማርኩ። በጃንሆይ ዘመን ቴሌቪዥን ሲከፈት ደመወዙ ትንሽ ከፍ ስለሚልና ሥራው ወጣ ወጣ ስለሚያደርግ ተዛወርኩ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን የሚታየው አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል፣ በቡና ቤትና በባለጸጎች ሳሎን ነበር። እኛ ግን ፊልማችንን ለመቅረጽ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ እንወጣ ነበር። ከከተማ ብዙ ሳንርቅ ገጠር የምናገኘው እዚያ ነበርና አለቆቻችንም ነዳጅ ለመፍቀድ አይከብዳቸውም።

የተመደብኩት ከጋሽ በላቸው ጋር ነው። ጋዜጠኛ ከመሆናቸው በፊት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ የችሎት አመል አልለቀቃቸውም። ሁለት ወገን ያለበት ነገር ከሆነ ጥያቄው አንድ ነው። ለአንዱ የጠየቁትን ቃል ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ለሌላው ይጠይቃሉ። ባለርስቱንም፣ ጪሰኛውንም፣ ጋሪ ነጂውንም «እርስዎ» ይላሉ። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ባለርስት ጪሰኛው «እርስዎ» ሲባል ሰምቶ ኮስተር ይልብን ነበር። ፊልም ውድ ስለነበር ጥቅሉን አስቀድመው ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ወገን ድርሻውን ከጨረሰ ምንም ጣፋጭ ወሬ ቢጀምር ካሜራው ይዘጋል። ካሜራ ያዡ በዚህ ነገር ደም ሥሩ ይገታተር ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ያቺን የትንፋሽ ነገር ማሸነፋቸው ነው። ከቀረጻ መልስ መኪና ውስጥ ቴፑን እንዳሰማቸው ያዙኛል። አንገታቸውን ደፍተው የሚሰሙት የእንግዶቹን ንግግር ሳይሆን የራሳቸውን ዝምታ ነው። አንዴ «እ» ብለው ካገኙት ለማን እንዳሉት ይጠይቁኛል። ለአንዱ ብለው ለሌላው ካላሉ ያን ቀን ከሰው አይጫወቱም። እኔም ቀስ በቀስ ይዞኝ፣ ሚስቴ የጎረቤት ወሬ ስታወራልኝ ትንፋሼን መያዝ ጀመርኩ። እሷ ደግሞ የማልሰማት መስሏት ተቀየመችኝ።

ሰበታ ላይ የሆነውን ላጫውታችሁ። ገበያው ከመንገድ ዳር ይነሣ አይነሣ በሚል ነጋዴዎቹና ገበሬዎቹ ተጣልተው ነበር። የነጋዴዎቹ ሽማግሌ መምጣታችንን ሰምተው በግ አርደው ጠበቁን። ደጅ የደረሰ እንግዳ ሳይቀምስ ቢመለስ ቤቱን እንደ መናቅ ነው። ጋሽ በላቸው ግን መኪና ውስጥ ሆነው የራሳቸውን ዳቦ በሉ፤ ውሃ እንኳ አልጠጡም። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። ጋሽ በላቸው ጠጋ ብለው፣ አሁን ከበሉ የሚጠይቃቸው ሰው ጋዜጠኛ መሆኑ ቀርቶ እንግዳቸው እንደሚሆን፣ ሥራው ሲያልቅ ግን አጥንት ሳይቀር እንደሚግጡ ነገሯቸው። እንዳሉትም አደረጉ። ቀረጻው ሲያልቅ መጀመሪያ ከነጋዴዎቹ ቤት፣ ከዚያ ገበሬዎቹ ዘንድ ሄደን ጭኮና እርጎ በላን። እኔ ቀበቶዬን ፈትቼ ነው ወደ ከተማ የተመለስኩት።

ቡራዩ ስንሄድ ግን እኔን ጎዱኝ። ወደ ምንጭ የሚወስድ መንገድ በአጥር ተዘግቶ ጠብ ተነሥቶ ነበር፤ አጥሩን ካጠሩት አንዱ አጎቴ ናቸው። ጋሽ በላቸው እኔ እያለሁላቸው ከሌላ አገር የመጣ አስተርጓሚ ይዘው መጡ። የሰውየው ኦሮምኛ የሩቅ ስለነበረ የመንደሩ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። እኔ ማይክራፎን ዘርግቼ እንደ እንጨት ቆምኩ። አጎቴም «የእህቴ ልጅ ከተማ ገብቶ ዲዳ ሆነ እንዴ?» ብለው ሰው ፊት ጠየቁኝ። ለወራት አኮረፍኳቸው። ዘመድ ለዘመዱ መተርጎም እንደሌለበት ኋላ ገብቶኛል፤ ግማሽ ልቤ ግን እስካሁንም አልተቀበላቸውም።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው ሱሉልታ ላይ የወደቁት።

ነገሩ የወተት ነገር ነበር። አዲስ አበባ የሚገባው ወተት ቀጠነ፣ ውሃ ውሃ አለ ተብሎ ከተማው ያጉረመርማል። አንድ ዝግጅት እንድንሠራ ታዘዝን። ሁለት ሰዎች ተመረጡ። አንደኛው አቶ ደምሴ የሚባሉ ወተት ነጋዴ ናቸው፤ በየማለዳው መኪና ልከው ከሱሉልታ ወተት ያስሰበስቡና ከተማ ውስጥ ባለው ሱቃቸው ይሸጣሉ። ሁለተኛዋ ወተት ከሚያስረክቡት ሴቶች አንዷ፣ ወይዘሮ ዲንቄ ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በላሞቿ ወተት የምታሳድግ ሴት ነበረች። መኪናው ደጇ ካልቆመ ሌላ ገቢ የላትም።

አቶ ደምሴን የቀረጽነው ሱቃቸው ውስጥ፣ ከመደርደሪያቸው ኋላ ቆመው ነው። ጋሽ በላቸው ወደ ከተማ የሚገባው ወተት ቀጥኗል እንደሚባል፣ ውሃ የሚገባበት የት እንደሆነ ጠየቋቸው። አቶ ደምሴ ቀና ብለው፣ ካሜራውን ትክ ብለው እያዩ፣ ከእሳቸው ቤት እንዳልሆነ፣ ወተቱን እንደመጣ እንደሚሸጡት ተናገሩ። ሰውየው ውሸታም አልነበሩም፤ የሚያምኑትን ነው የተናገሩት።

በማግስቱ ሱሉልታ ወጣን። ሜዳው ላይ ድርቆሽ ተከምሯል፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ወይዘሮ ዲንቄን «አከም ቡልተን» ብዬ ሰላም ስላት ፊቷ ፈካ። ጋሽ በላቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቷ ሲቆሙ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። እንድትቀመጥ ቢለምኗት እንግዳ ቆሞ አልቀመጥም አለች። የገበያ አማርኛ ስለምትችል አስተርጓሚ አላስፈለገም፤ ጥያቄው ያው ነበር፣ ቃል ሳይቀነስ። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ እጇን እያፍተለተለች፣ እሷ ዘንድ እንዳልሆነ፣ አልባ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ እንደምታስረክብ መለሰች። ድምፅዋ ዝቅ ስላለ ማይክራፎኑን ወደ ደረቷ አስጠጋሁት። ከመካከላችን ማንም ምንም አላየም። እናቶቻችን ባለሥልጣን ፊት ሲቆሙ እንደዚሁ ነበር የሚቆሙት። መኪና ውስጥ ቴፑን አሰማኋቸው፤ ጋሽ በላቸው ለሁለቱም አልሳቡም። ደስ ብሏቸው እስከ ከተማ ድረስ እየተጫወቱ ሄዱ።

ፊልሙን ቆርጣ የምትቀጥለው ወይዘሪት አስካለ ነበረች። ሁለቱን ንግግር እኩል አድርጋ አገናኘችና በጨለማው ክፍል ተቀምጠን አየነው። መጀመሪያ አቶ ደምሴ ቀና ብለው መጡ። ቀጥሎ ወይዘሮ ዲንቄ፣ አፏን ሸፍና፣ መሬት መሬት እያየች።

«ምስኪን፣ አፈረች» አለች አስካለ።

የክፍላችን ኃላፊ ሳቅ ብለው፣ ሴትዮዋ ዓይኗ ብቻ ነገሩን እንደተናገረ ገለጹልን። እኔም ራሴ፣ ትናንት ከፊቷ ቆሜ የነበርኩት፣ እውነትም ይች ሴት የደበቀችው ነገር አለ ብዬ አሰብኩ። ጋሽ በላቸው ጥያቄውንና ጊዜውን አመሳከሩ። ጥያቄው አንድ ነው፣ ጊዜው እኩል ነው፤ የሚነቀፍ ነገር አልነበረውም። ፊልሙ ተላለፈ።

ጥቂት ቀን ሰንብቶ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ጋቢ የለበሱ ሰው ቢሮአችን መጡ። የወይዘሮ ዲንቄ የባሏ ወንድም ናቸው። የወተቱ መኪና ደጇን እያለፈ እንደሚሄድ ነገሩን። የአቶ ደምሴ ደንበኞች በቡና ቤቱ ቴሌቪዥን አይተዋት የዚያችን ሴትዮ ወተት እንዳታመጣብን ብለዋል። ሌሎቹ ሴቶችም ነገሩ እንዳይነካቸው ከእሷ አጠገብ ወተት ይዞ መቆም ትተዋል። ወተቱን ለጥጆቹ መልሳ እያጠጣች ነው። ኦቦ ገመቹ ሊከሱን አልመጡም፤ የመጡት ምን ክፉ ነገር እንደተናገረች ለማወቅ ነው። ሱሉልታ ውስጥ ፊልሙን ያየ ሰው አልነበረም፤ እሷ ራሷም አላየችውም።

ጋሽ በላቸው ይዘዋቸው ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ። አስካለ ፊልሙን አዞረችው። ኦቦ ገመቹ የወንድማቸውን ሚስት ግድግዳ ላይ ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እስኪያልቅ ቆመው አዩና ወደ እኛ ዞሩ።

«ታዲያ ምን አጠፋች?» አሉ። «በሥርዓት ነው የቆመችው። ደግሞ እኮ ደህና አድርጋ ነው የቆመችው። ይሄኛው ሰውዬ ነው እንጂ በሰው ላይ ዓይኑን የሚያፈጥጠው።»

ጋሽ በላቸው ያን ቀን ሲያረጁ አየኋቸው ብል አላጋነንኩም። እኔም አፈርኩ፤ እናቴ በዚያ ፊልም ውስጥ ብትሆን ኖሮ እሷንም እጠረጥራት ነበር ማለት ነው። ኦቦ ገመቹን በር ድረስ ሸኝተው ተመለሱና፣ ወተት የሚለካ ነገር እያለ እኛ ሁለት ሰው አቁመን ዓይን ዓይናቸውን ስናይ መክረማችንን በቁጣ ተናገሩ። ሲቆጡ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው። የተቆጡትም ራሳቸውን ነበር።

ወዲያው ከአንድ የከብት ሐኪም መለኪያ ተዋሱ። ወተት ውስጥ ሲያስገቡት የሚንሳፈፍ የመስታወት ዘንግ ነው፤ ወተቱ ከቀጠነ ወደ ታች ይሰምጣል። ለሁለተኛው ጉዞ አስካለን ይዘን ሄድን። ጋሽ በላቸው የዚያን ዕለት አልጠየቁም። ከአጥሩ ውጭ ድርቆሹ ሥር ቆመው እኛን ላኩን። አስካለ ጫማዋን አውልቃ ከወይዘሮ ዲንቄ ጎን መደቡ ላይ ተቀመጠች። በዕድሜ እኩያ ናቸው። ስለ ጥጃዋ ጀምረው ስለ ወተቱ ገቡ። ወይዘሮ ዲንቄ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ፣ አስካለን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ እየሳቀች አወራች። ዘንጉን ወተቷ ውስጥ ከተትነው፤ ከፍ ብሎ ቆመ። ካሜራ ያዡ ቀርቦ ቀረጸው።

ያን ቀን ሾፌሩን ለምነን ወተቷ ከሌሎቹ ጋር የአቶ ደምሴ መኪና ላይ ተጭኖ እኛም ተከትለን ወረድን። አቶ ደምሴ ሱቅ በር ላይ ሲራገፍ ዘንጉ ሰመጠ። አቶ ደምሴ መጀመሪያ መለኪያው ተበላሽቷል አሉ፤ በሁለተኛው ጣሳ ሲሞከር ላብ አጠመቃቸው። ሰብሳቢዎቻቸው ከፊታችን ቀድመው ከዓይናችን ሲሰወሩ ከመንገድ ዳር ወንዝ ላይ ቆመው ውሃ እንደጨመሩበት ኋላ አቶ ደምሴ ራሳቸው አጣርተው ደረሱበት። ሠራተኞቹን አባረሩ። መኪናው ግን ወደ ወይዘሮ ዲንቄ ደጅ አልተመለሰም፤ ደንበኞቻቸው የእሷ ወተት እንዳይኖርበት ስሟን እየጠሩ ያጣራሉ። እሳቸውም ይህ ነገር በቴሌቪዥን ከወጣ ንግዴ አለቀ ብለው የክፍላችንን ኃላፊ ለመኑ። ኃላፊያችን የሱቁ በር ክፍል እንዲቆረጥ አዘዙ። ምክንያታቸው የተከበረን ነጋዴ ስም ማጥፋት አይገባም የሚል ነበር። ጋሽ በላቸው ተከራከሩ፤ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው ተባሉ። ወይ ግማሹ ይተላለፋል፣ ወይ ምንም አይተላለፍም። ግማሹ ይሻላታል ብለው አሰቡ።

ተላለፈ። በማግስቱ እኔ ምሳ የምበላበት ቡና ቤት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ወተቷ ተለክቶ ደህና መሆኑን አይተዋል፤ ግን የተለካው ካሜራ እያየ አይደለም ወይ ይላሉ። ያን ጊዜ አፍራ መሬት ታይ የነበረች ሴት፣ አሁን እንዲህ ቀና ብላ የምትስቀው አሠልጥነዋት ነው ተባባሉ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ለጋሽ በላቸው ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ሱሉልታ አድርሰኝ ብለው ሾፌሩን ጠሩ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ እዚሁ ልናገርና ልጨርስ። በራሳቸው ጥያቄ ወደ ሬዲዮ ተዛወሩ፤ ዘመኑ እስኪለወጥ እዚያው ሠሩ። ብዙ ሰው ኃላፊውን ስለተቀየሙ ነው ይላል። እኔ በዚያ ቀን አብሬያቸው ስለነበርኩ እንደዚያ አልልም።

ወይዘሮ ዲንቄን ያገኘናት ጋጣው በር ላይ ነው። ወተቱን ለከተማ መስጠት ትታ ቅቤ እያወጣች እዚያው ሱሉልታ ገበያ መሸጥ ጀምራ ነበር፤ ገቢው ቢያንስም የሚገዟት የሚያውቋት ናቸው። ጋሽ በላቸው የሆነውን ሳይደብቁ ነገሯት፤ የመጀመሪያውን ፊልም፣ የተቆረጠውን፣ የከተማውን ወሬ። ያልገባትን በኦሮምኛ እኔ አስረዳኋት። አቋርጣ አልጠየቀችም። ሲጨርሱ ቀና ብላ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው፤ እንደዚያ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው።

«አንቱስ? ውሃ አልጨመርኩም ስልዎት አምነውኝ ነበር ወይ?»

ጋሽ በላቸው በሥራ ዘመናቸው ለማንም ይህን መልሰው አያውቁም። ለእኛም ቢሆን ማንን እንዳመኑ ነግረውን አያውቁም። ያን ቀን መለሱ።

«እዚህ ፊትዎ ቆሜ ሳለሁ አምኜዎት ነበር። ከተማ ገብቼ ምስሉን ሳይ ግን ተጠራጠርኩ።»

ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ወይዘሮ ዲንቄ እጇን ጋጣው በር ላይ አሳረፈች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«አንቱ ያዩኝ ሰው እንዲህ ካሉ» አለች፣ «ያላዩኝማ ምን ይበሉ?»

ይህን ብላ የጋጣውን በር ከፍታ ገባች።